የእግር ካርታችን አባዡር ሲሆን

ዓይኔን ከተሠራሁ ወዲህ ከአምፖል ጋር ተጣልቻለሁ። ሐኪሙ የግራ ዓይኔን ሞራ ገፎ ሲጨርስ «እማማ፣ እንግዲህ ዓለም ብሩህ ትሆንልዎታለች» ብሎኝ ነበር። ብሩህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ቤቴ ገብቼ ማብሪያውን ስጫን ነው። ከጣሪያው ላይ ራቁቱን ተንጠልጥሎ የኖረው አምፖል እንደ መርፌ ይወጋኝ ጀመር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳሎን ውስጥ በጠራራ ፀሐይ እንደቆመ ሰው እጄን ግንባሬ ላይ ጋርጄ ተቀመጥኩ። ልጄ ሰናይት ይህን አይታ ስትስቅብኝ ከረመችና አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። «እማዬ፣ ይሄን እዪልኝ!» አንድ አባዡር ነው። ዙሪያውን የዓለም ካርታ ተለጥፎበታል፣ ከውስጥ ሲበራ ባሕሩም የብሱም ይታያል። «ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ላስተማረች ሴት ከዚህ ሌላ ምን ይገባታል? እኛው ቤት እንሠራዋለን» አለችኝ። እኔም ነገሩ ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ።

ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትማ ያመጣችው ካርታ ግን ደስ አላለኝም። ወረቀቱ ስስ ነው፣ ቀለሙ የታጠበ ይመስላል፣ አገሩም የኔ አገር አይደለም። ሰናይት በነገር ቶሎ የምትሸነፍ ልጅ ስላልሆነች፣ ጨርቅ ይሻላል ብላ አልጋዬ ሥር ያለውን የቆርቆሮ ሣጥን ጎትታ ከፈተችው። የናፍታሊኑ ሽታ ከእሷ ቀድሞ እኔ ዘንድ ደረሰ። ሽታ መቼም ፈቃድ አይጠይቅም። ከሣጥኑ ሥር፣ ከሠርጌ ጥበብና ከአባቷ ካፖርት በታች፣ ተጣጥፎ የተቀመጠውን አቡጀዲ ስታወጣው ሳላየው አወቅኩት። «ይሄማ ካርታ ነው! በእጅ የተሣለ! እማዬ፣ እስከዛሬ የት ደብቀሽው ነው?» አለች። «መልሺው» አልኳት። ድምፄ ለራሴም የቁጣ ሆኖ ተሰማኝ።

ያን ጨርቅ የገዛሁት ገና ሃያ አራት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ደብረ ማርቆስ ያኔ ዛሬ እንደምትታየው አልነበረችም። ከአውቶቡስ ተራው እስከ ገበያው በእግር አንድ ዘፈን ሳያልቅ ይደረስ ነበር። ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም፤ ከሻይ ቤቱ ራዲዮ የጀመረው ዘፈን ከጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ራዲዮ ዘንድ ስደርስ ማሳረጊያው ላይ ይሆን ነበርና። በየበረንዳው የልብስ ስፌት መኪና ተደርድሮ ይንኳኳል። ወንዱ መምህር ሁሉ ሱሪው ከታች የሰፋ፣ ጸጉሩ ከላይ የሰፋ ነው። እኔም ብሆን አፍሮ አበጥሬ፣ ጉልበቴን የማይሸፍን ጉርድ ለብሼ ስወጣ፣ የሰፈሩ እናቶች አማትበው ያሳልፉኝ ነበር። ያ አቡጀዲ በሜትር አንድ ብር ከስሙኒ ነበር፤ ነጋዴው «ለትምህርት ቤት ከሆነማ» ብሎ ስሙኒውን ተወልኝ። ሁለት ሜትር ይዤ ስወጣ የተሰማኝን ኩራት ዛሬ የትኛውም ልብስ አይሰጠኝም።

ጨርቁን የፈለግኩት ለክፍል ካርታ ነው። ከመንግሥት የተላከልን ካርታ ላይ የአገሪቱ ትልልቅ ከተሞች እንጂ የተማሪዎቼ ቀዬ አልነበረም። ልጆቹ ደግሞ አብዛኞቹ የገጠር ልጆች ናቸው፤ ለሦስት ለአራት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው ይማራሉ። አርብ ከሰዓት ደወል ሲደወል ወደየቤታቸው በእግራቸው ይነጉዳሉ፣ እሑድ ማታ ድርቆሽና በሶ ተሸክመው፣ የኮንጎ ጫማቸውን አቧራ አልብሰው ይመለሳሉ። ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ሁሉ በሶ በሶ ይላል። «የየመንደራችሁን ርቀት ንገሩኝና ካርታ እንሥራ» ብላቸው በኪሎ ሜትር የሚያውቅ አንድም ልጅ ጠፋ። ሁሉም የሚያውቀው በእግሩ ነው። ሰዓትም ያለው የለም። አንዷ «አንድ ኪስ ቆሎ ያልቃል» አለች። አንዱ «ከብት ሲወጣ ተነሥቼ የቅዳሴ ደወል ሲደወል እደርሳለሁ» አለ። ከይጁቤ ወገን የሚመጣው ዲያቆኑ ልሳነወርቅ ደግሞ በዳዊት ይለካ ነበር። መንገድ ሲጀምር ዳዊቱን ይጀምራል፤ ዐሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላልና «ከቤቴ እስከ ከተማ ሰባት ንጉሥ ነው» አለኝ፤ ክፍሉ ሳቀ፣ እኔ ግን ጻፍኩት።

ቆሎውንም ዳዊቱንም ወደ ሰዓት ለወጥነው፤ ለአንድ ሰዓት መንገድ አራት ጣት ሰጠን። እንዲህ ሲሆን ዳገት ያለበት አገር ሁሉ እየራቀ፣ ሜዳ ያለበት እየቀረበ መጣ። አምበር በደልዳላ የመኪና መንገድ ዳር በመሆኗ ከከተማችን ጉያ ገባች። የጉንደ ወይኑ ልጅ ቤት ጭራሹን ከጨርቁ አልፎ ስለሄደ፣ ሌላ ቁራጭ ቀጥለን ሰፋንለት። «እኔ ብቻ በቅጥያ!» ብሎ አኩርፎ ነበር። በስንዴ ሙጫ አጠንክረን፣ ወንዙን በሰማያዊ፣ መንገዱን በቡናማ፣ መልካውን ሁሉ፣ ማለትም ወንዝ የሚሻገሩበትን ቦታ፣ በቀይ ነጥብ ሣልን። የእግር ካርታ አልነው። ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው መጥተው አይተው «እትዬ አስካለ፣ ይሄ በሚዛን አልተሠራም» ቢሉኝ፣ «የተማሪ እግር ሚዛን አይደለም እንዴ?» ብዬ መለስኩላቸው። ምላሴ ያኔም አላረፈችም ነበር። ያን ካርታ እንደ ልጄ ነው የምወደው፤ ማንም ነቀፌታ ሲሰነዝርበት ደሜ ይፈላል።

ይህን ሁሉ ለሰናይት አላወራሁላትም። «ያረጀ ጨርቅ ነው፣ ይበጣጠሳል» ብዬ ልሸነግላት ሞከርኩ። እሷ ግን ዘርግታው አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ስትጠርግ ዝም ብዬ አየኋት። ልከልክላት ብል ምክንያቱን መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ምክንያቱን ደግሞ ለሟቹ ባለቤቴ እንኳን ነግሬው አላውቅም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ እምቢ ማለት ሲያቅተኝ እሺ አልኩ። ጨርቁ እንዳይቆረጥ ብቻ አስማልኳት። አባዡሩ እንደ ጉልላት ከላይ የጠበበ ከሆነ ጨርቁ መቀደድ አለበት፤ ስለዚህ ላይና ታቹ እኩል የሆነ፣ እንደ ከበሮ የቆመ መሆን ነበረበት። የካርታውን ስፋት ለክቼ ለሦስት ከምናምን አካፈልኩና «የወንፊት ክብ ልክ ነው!» ስል ሰናይት በሳቅ ፈነዳች። ከቅዳሜ ገበያ ሁለት አዳዲስ ወንፊት ገዝታ መጣች። ሻጯ ሴትዮ የወንፊቱን ሽቦ ነቅለን ክቡን ብቻ እንደምንፈልግ ስትሰማ «እና ዱቄቱን በምን ልትነፉት ነው?» ብላ አዘነችልን አሉ። ሁለቱን ክቦች በአራት የብረት ዘንግ አያይዘን፣ የማይግል አምፖል መርጠን፣ ጨርቁን በስሱ የዱቄት ሙጫ አርጥበን ዙሪያውን ጠመጠምነው። የጉንደ ወይኑ ልጅ ቅጥያ ዞሮ መጥቶ ከምዕራቡ ዳር ጋር ተገጣጠመ። አንድ ልጅ ያኮረፈበት ቁራጭ ባይኖር ኖሮ ካርታው ዙሪያውን አይሞላልንም ነበር።

መስፋት ስንጀምር ነገር መጣ። ሰናይት ወፍራም መርፌ ፍለጋ የጠመኔ ሣጥኔን ከፈተችና በብጣሽ ወረቀት የተጠቀለለች አንዲት መርፌ አወጣች። ክር ልታስገባባት ስትል «እሷን ተያት!» ብዬ ጮህኩ። ልጄ ደነገጠች። በሕይወቴ በእሷ ላይ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። መርፌዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፊቴን አየችው። «እማዬ፣ የማን ናት?» አለችኝ ቀስ ብላ። የሰው ልጅ አርባ ምናምን ዓመት የተሸከመውን ነገር በአንዲት መርፌ ምክንያት ያወርዳል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

«የይታይሽ ናት» አልኳት።

ይታይሽ ከአምበር ወገን የመጣች፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እጇ የማይቦዝን ልጅ ነበረች። ክፍል ውስጥ እንኳን ከጠረጴዛ ሥር ጥልፍ ትጠልፋለች። ስፌቷን በትንሽ መስቀል ቋጠሮ ነበር የምትጨርሰው፣ እናቷ ያስተማረቻት ነው። እናቷ ሞታለች፤ ታላቅ እህቷ ግን ከይጁቤ መንገድ ገንጠል ብሎ፣ ወንዝ ማዶ ተድራ ነበር። ያን አርብ፣ ክረምቱ ሊገባ ሰማዩ ሲያጉረመርም፣ ይታይሽ በእኔ ክፍለ ጊዜ ለሚወለደው ሕፃን ቆብ ስትጠልፍ ያዝኳት። መርፌዋን ቀማኋትና «ሰኞ እመልስልሻለሁ» አልኳት። አላኮረፈችም። ክፍሉ ሲበተን ካርታው ሥር ቆማ መንገዱን ደብተሯ ላይ ስትገለብጥ አገኘኋት። እህቷ ልትወልድ ደርሳለች፣ አጠገቧ ሰው የላትም፣ በዚያ በኩል ደግሞ ይታይሽ ሄዳ አታውቅም። «እትዬ፣ ይሄ መልካ ልክ ነው?» ብላ በቀዩ ነጥብ ላይ ጣቷን አሳረፈች። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ «ከመንግሥት ካርታ ይበልጣል፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ ሂጂ!» አልኳት። እነዚህን ቃላት ዛሬም በጆሮዬ እሰማቸዋለሁ።

ቅዳሜና እሑድ ያለማቋረጥ ዘነበ። ሰኞ ጠዋት ስም ስጠራ «ይታይሽ» አልኩ፣ ዝም። «ይታይሽ!» ደግሜ ጠራሁ፣ ዝም። ሦስተኛ ስጠራ ከኋላ አንዷ «የለችም፣ እትዬ» አለች። ማክሰኞ በዕረፍት ሰዓት ልሳነወርቅ ካርታው ፊት ቆሞ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ አየሁት። «እትዬ፣ መልካው እዚህ አይደለምኮ» አለኝ። «ሁለተኛው ንጉሥ ሲያልቅ ነው ብለኸኝ የለም?» ብለው፣ «ከቤቴ ስነሣ ነው እንጂ! ሰው ዳዊቱን የሚጀምረው ከቤቱ ሲወጣ አይደለም?» አለኝ። እኔ የቆጠርኩት ከከተማው ነበር፤ የደመወዝተኛ ልጅ ስለሆንኩ መንገድ ሁሉ ከከተማ የሚጀምር መስሎኛል። መንገዱ ወንዙን ተከትሎ ጎን ለጎን ይወርዳል። እኔ ቀይ ነጥብ ያደረግኩበት ቦታ ልጆቹ በበጋ እንኳን የማይደፍሩት ጥልቅ ውሃ ነው። መልካው ከዚያ ታች፣ ከሰዓት በላይ ያስኬዳል።

ረቡዕ «ወንዙ ሰው ወሰደ» የሚል ወሬ ከተማ ገባ። ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ከዚያ ወገን የመጣ አንድ እንጨት ሻጭ አፈላለግኩ። «እውነት ነው ወንዙ ሰው ወሰደ?» አልኩት። «አዎ እመቤቴ፣ አንድ ሰው ወስዷል» አለኝ። ወንድ ነው ሴት ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ጥያቄው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አልጠየቅኩም። ዋጋውን እንኳን ሳልከራከር አንድ እስር እንጨት ገዝቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ካልጠየቅኩ ገና አልሞተችም ብዬ ነበር መሰለኝ። ሰኞ ዕለት የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ያኔ ነገሩ ሁሉ በደብዳቤ ነበር፣ ሰው ጠዋት እዚህ ውሎ ማታ ሌላ ክፍለ ሀገር ያድራል። ሻንጣዬን ይዤ አውቶቡስ ስሳፈር፣ እውነቱን እናገራለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ወደ ማርቆስ ተመልሼ በሌላ ትምህርት ቤት አስተማርኩ። ጡረታ ስወጣ የድሮው ትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ሲጸዳ ጨርቁ ተገኝቶ «የእርስዎ ጽሑፍ አለበት» ብለው ቤቴ ድረስ አመጡልኝ። ሳልዘረጋው ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ልሳነወርቅ መሪጌታ ሆኖ አምበር እንደሚያገለግል አውቃለሁ፤ በክብረ በዓል ቀን ከሩቅ ሳየው ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሸፍኜ በሌላ በር እወጣ ነበር።

ይህን ሁሉ ለሰናይት ሳላለቅስ ነው የነገርኳት፤ እንባው የመጣው ስጨርስ ነው። «ያን ሁሉ ዓመት» አለች፣ «ወንድ ነው ሴት ብለሽ አንድ ሰው አልጠየቅሽም?» «አልጠየቅኩም።» «እጁን አውጥቶ አልጠየቀም ብለሽ ስንቱን ተማሪ ስትቀጪ የኖርሽ ሴትዮ!» ብላ ተናደደችብኝ፣ ወዲያው ደግሞ አቀፈችኝ። ከዚያ በኋላ በሌላ መርፌ ስፌቱን ቀጠልን። ለሐዘን እጅን ማስያዝ ይበጃል።

ወደ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ውጭው ገና ሳይጨልም፣ አባዡሩን ጠረጴዛ ላይ አቆምነው። ሰናይት አበራችው። እውነትም አይወጋም፤ ብርሃኑ በአሮጌው ጨርቅ ውስጥ አልፎ ቅቤ መስሎ ሳሎኑ ላይ ፈሰሰ። መንደሮቹን፣ የልጆቹን ኮልታፋ ጽሕፈት፣ ወንዙን አየሁ። ዓይኔ ሳልፈልግ ወደዚያ ቀይ ነጥብ ሄደ። ከነጥቡ ሥር አንድ ነገር አለ። በጨርቁ ላይ በቀን የማይታይ፣ ነጭ በነጭ ላይ የተሰፋ፣ ብርሃን ከውስጥ ሲመታው ብቻ የሚጠቁር። ጥቃቅን ስፌት ነው፤ ከእኔ የተሳሳተ ነጥብ ተነሥቶ ወንዙን ተከትሎ ታች ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አንድ ሰዓት በሚያስኬድ ልክ፣ አራት ጣት፣ ደግሞ ትንሽ ጨምሮ። መጨረሻው ላይ ቋጠሮ አለ። መነጽሬን አጠለቅኩና ተጠጋሁ። መስቀል ነው፣ ትንሽ የመስቀል ቋጠሮ።

«ምን ሆንሽ?» አለችኝ ሰናይት። በጣቴ አሳየኋት። አየችው፣ ጣቷን አሳለፈችበት። «ይሄን ማን ሰፋው?» «ከይታይሽ በቀር እንዲህ የሚቋጥር አልነበረም።» «ካርታው ትምህርት ቤት ሳለ፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ?» «መሆን አለበት። እኔ እያለሁማ አልነበረም።» ሰናይት እጄን ያዘችኝና ሳቅም ልቅሶም በሚመስል ድምፅ፣ «እማዬ፣ የሞተ ሰው አይሰፋም» አለችኝ። እኔ ግን ለማመን ፈራሁ። ሌላ ሰው ቢሆንስ? ጓደኛዋ ለመታሰቢያ ሰፍታው ቢሆንስ? የፈራ ሰው ምክንያት አያጣም። ሰናይት ከዚህ በላይ አልጠበቀችኝም። የአምበሩን ደብር አስተዳዳሪ ጠይቃ የመሪጌታ ልሳነወርቅን ስልክ አገኘችና ደውላ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ሃሎ? ማን ልበል?» ድምፁ ወፍሯል፣ የቅኔ ቤት ድምፅ ሆኗል።

«መሪጌታ፣ አስካለ ነኝ። የድሮ አስተማሪዎ።» ተማሪዬን «እርስዎ» ማለት አፌን አላወላገደውም፤ ካህን ካህን ነው።

«እትዬ አስካለ! የእግር ካርታዋ! እንደምን አሉ? እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔስ ከዚህ አገር የሉም ብዬ!»

«አለሁ፤ ስደበቅዎ ነው የኖርኩት» አልኩት። ከዚያ በኋላ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልቻልኩም። «መሪጌታ፣ ይታይሽን ያስታውሷታል? ያኔ ወንዙ የወሰደው…» ብዬ ቆምኩ። ሰናይት ትከሻዬን ጨበጥ አደረገችኝ። «ወንድ ነበር ሴት?» አልኩ።

«ወንድ ነበር፣ ነፍሱን ይማርና፤ በአህያ ጨው የሚያመላልስ ነጋዴ። አገሬው ተው ቢለው አልሰማ ብሎ ነው።» ነገሩ ሲገባው ድምፁ ዝቅ አለ። «እትዬ… እርስዎ ይታይሽ ናት ብለው ኖሯል?»

«አዎ።»

«ኧረ በስመ አብ! ይታይሽማ አለች! ክረምቱን እህቷ ዘንድ ከርማ መስከረም መጣች። የመጣች ዕለት የጠየቀችው እርስዎን ነው። ተዛወሩ ስንላት አዘነችና ካርታውን እኔ አርሜው እሄዳለሁ ብላ በመርፌ ሰፋችው። ያኔ ቀለም አልነበረንም። እኔ ራሴ ነኝ ወንበር ይዤ ያቆምኳት። እዚሁ አምበር አይደለችም እንዴ፣ ልጅ የልጅ ልጅ አይታ! ማኅበር አንድ ላይ ነን። ሰው እንዴት አንድ ቀን አይጠይቅም?»

ስልኩን ለሰናይት ሰጠኋትና ወንበሬ ላይ ተዘርፍጬ ተቀመጥኩ። ገበያ ውላ ሸክሟን እንዳወረደች ሴት ትከሻዬ ብቻውን ወደ ላይ የሚነሣ መሰለኝ። እፎይ ብዬ ሳበቃ፣ ለዚያ ለጨው ነጋዴ እስካሁን አንድም ቀን አለማዘኔ ትዝ ብሎኝ አፈርኩ። እሱም የሰው ልጅ ነበር፣ እሱንም የጠበቀ ቤት ነበር። በማግስቱ ስሙን ባላውቀውም ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጧፍ አበራሁለት። ያን ዕለት ግን ደስታው አሸነፈኝ፤ ለአንዳንድ ነገር ሰው ራሱን ይቅር ማለት አለበት።

ይታይሽ በሦስተኛው ቀን ከአምበር በሚኒባስ መጣች። የግቢው በር ሲንኳኳ ሰናይት ከፈተች። ረጅሟ ልጅ ጎበጥ ብላለች፣ ጸጉሯ በሻሿ ሥር ነጭ ነው፣ እጆቿ ግን ያው ናቸው፣ አሁንም የነጠላዋን ጫፍ ይፈታትላሉ። እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል አንሥቼ አቀፍኳት፣ ሁለታችንም ማን ማንን እንደያዘ እስኪጠፋን አለቀስን። ቁጭ ስትል መጀመሪያ የጠየቅኳት ይቅርታ ነው። «ካርታዬ ወደ ጥልቅ ውሃ ልኮሻል፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ሂጂ ብዬሻለሁ» አልኳት።

ይታይሽ ግራ ገብቷት አየችኝ። «እትዬ፣ ውሃውን አይቼውኮ ነው!» አለች። «ካርታው በዚህ ግቢ ይላል፤ ውሃው ጠቁሮ፣ ዝም ብሎ ይተኛል። ወንዝ ዝም ሲል ነው የሚፈራው፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል አልሰሙም? የከብት ዱካ ደግሞ ወደዚያ አይወርድም። ከብት ያልገባበት እኔ ለምን እገባለሁ ብዬ ዱካውን ተከትዬ ወረድኩ። መልካው ላይ ደረስኩ፣ ተሻገርኩ፣ እህቴም ወንድ ልጅ ተገላገለች። አስተማሪዬ ብለውኛል ብዬ ውሃ ውስጥ የምገባ መስዬዎት ነው ይሄን ሁሉ ዘመን የከረሙት?»

ሰናይት በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ነገሩ ገብቶኛል። ያን ሁሉ ዓመት ያስጨነቀኝ ሐዘንና ጥፋት ብቻ አልነበረም፤ ውስጡ ትዕቢት ነበረበት። ልጆቹ የኔን ነጥብ ከገዛ ዓይናቸው አስበልጠው የሚያምኑ መስሎኝ ነበር። ከብት አይቶ መንገድ የሚያውቅ ልጅ እኔ ሳላስተምረው በፊት ጂኦግራፊ ያውቅ ኖሯል። እንዲህ ያለው ውርደት ደግሞ ያስደስታል።

መብራቱን አበራንላት። ስፌቷን ስታየው እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ነጩን ክር የተጠቀምኩት ሌላ ስላልነበረኝ ነው፤ ማንም አያየውም ብለው ስቀውብኝ ነበር» አለች። ከዚያ የጠመኔ ሣጥኔን ከፍቼ ብጣሿን ወረቀት ፈታሁና መርፌዋን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። «ሰኞ እመልስልሻለሁ ብዬሽ ነበር» አልኳት። ወደ ብርሃኑ አስጠግታ አገላብጣ አየቻት። «ዝጋለች» አለች። «ዘግይቼብሻለሁ» አልኳት። ቀና ብላ አባዡሩን ስትመረምር ከግርጌው፣ ቅጥያው ከሚገጥምበት ዘንድ፣ እኔና ሰናይት ሳናጠብቀው የተውነውን አንድ ጣት ያህል ክፍተት አገኘች። ማንንም ሳታስፈቅድ መርፌዋን በነጠላዋ ጫፍ ወልውላ፣ ክር አስገብታ ትጠግነው ጀመር።

እኔ ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብ አድርጌ አየኋት። ዓይኔ አልተወጋም። ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ ጀርባዬን አቀናሁ፣ ያን ሰኞ ጠዋት ሦስቴ የጠራሁበትን ድምፅ ከየትም ፈልጌ አወጣሁና «ይታይሽ!» ብዬ ጠራኋት።

ክሯን በጥርሷ በጥሳ፣ የመጨረሻዋን መስቀል ቋጥራ፣ ቀና አለች።

«አቤት፣ እትዬ!»